የጎደለው ትርጓሜ

ከብቸና ከተማ ወጣ ብላ አፋፍ ላይ በተተከለች አንዲት ኪዳነ ምሕረት፣ መምህር አካለ ወልድ የዳዊትን መዝሙር ትርጓሜ ያስተምሩ ነበር። ትውልዳቸው ከሮብ ገበያ በላይ ካለው ብርዳማ አገር ነው። ቅኔውን ደብረ ኤልያስ ተምረው፣ ትርጓሜውን ፍለጋ ጎንደር ተሻግረው፣ ከአንድ ዓይነ ስውር መምህር እግር ሥር የዕድሜያቸውን እኩሌታ ጨርሰው ነው ብቸና የገቡት። ሚስት አግብተው ነበር፤ አመተ ሥላሴ የምትባል ዝምተኛ ሴት። በመጀመሪያ ወሊዷ ሕፃኑን ይዛ ሞተች። ከዚያ ወዲያ ሌላ አላገቡም፤ ቤታቸው ጉባኤው፣ ልጆቻቸው ተማሪዎቹ ሆኑ። ረዥምና ከሲታ ነበሩ፤ ሌላ ሰው ሲቆጣ ድምፁ ይጨምራል፣ የእሳቸው ግን ይቀንስ ነበር።

ትርጓሜ በአፍ የሚወርድ ትምህርት ነው። ተማሪው ንባቡን ያነባል፤ መምህሩ ይፈታዋል። ፈትቶ ሲያበቃ "አንድም" ይልና ያንኑ ቃል በሌላ መንገድ ይፈታዋል። እንዲህ አንድም፣ አንድም እያለ፣ ከመምህሩ የሰማውን ሁሉ እስኪጨርስ ያወርዳል። ከራሱ የሚጨምር መምህር ይናቃል። የሚያስቀር መምህር ግን ያስፈራል፤ ያስቀረው አብሮት መቃብር ይወርዳልና።

ስለዚህ በመምህር አካለ ወልድ ጉባኤ አንድ ልማድ ነበር። መምህሩ ደክመው ወይም ዘንግተው ከመጨረሻው ሳይደርሱ ዝም ካሉ፣ ቃሉን የያዘ ተማሪ "አንድም፣ የኔታ" ይላል። ያን ጊዜም ካልመጣላቸው ተማሪው ራሱ ያወርደዋል። ልማዱን ያመጡት ራሳቸው ናቸው እንጂ የተማሪ ድፍረት አልነበረም። "ስዘነጋ አይቶ ዝም ያለኝ፣ ሳልሞት የቀበረኝ ነው" ይሉ ነበር።

በዚህ ነገር ከሁሉ የሚቀድመው ወልደ ኪዳን ነበር። የሞጣ ልጅ ነው። እናቱ ይርጋነሽ ባሏ የሞተባት፣ ሞጣ ገበያ ጌሾ እየሸጠች የምትኖር ሴት ናት። ሌላ ልጅ የላትም። ወልደ ኪዳን ጢሙ የበቀለ ጎልማሳ ዲያቆን ነበር፤ ሲስቅ ድዱ ይታያል። አንድ ጊዜ የሰማው ቃል አይጠፋውም። ጓደኞቹ፣ "ወልደ ኪዳን እኮ ሲያንኮራፋም አንድም እያለ ነው" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። መምህሩ ይህን ሰምተው አልሳቁም። በልባቸው ግን፣ እኔ ባልፍ ቃሉ ከዚህ ልጅ ዘንድ ይቀራል ብለው ተማምነው ነበር።

ነገሩ የመጣው በደርግ ዘመን፣ የብሔራዊ ውትድርናው ሁለተኛ ዙር የታወጀ ጊዜ ነው። ለየገበሬ ማኅበሩ የምልምል ኮታ ወረደ። ጤፉ ታጭዶ ሽምብራው ገና እሸት ሳለ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ውበቴ ወደ ጉባኤው መጣ። ውበቴ በልጅነቱ በዚያው ግቢ ዳዊት የደገመ ሰው ነው። አሁን ጠመንጃ ቢይዝም፣ ከደጀ ሰላሙ ሲደርስ አውርዶ ለተከተለው ታጣቂ ሰጠና ተሳልሞ ገባ።

"የኔታ፣ እንዴት አደሩ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ቆመህ አትቅር፣ ተቀመጥ እንጂ።"

"ተቀምጬ አልዘልቀውም። ኮታ ወርዶብናል። ያገሬው ጎረምሳ እኩሌታው ዓባይ በረሃ ገብቷል፤ የቀረው ትናንት ሚስት አገባሁ ይላል። ያገኘሁትን እንዳልይዝ ደግሞ እኔም ከዚሁ አገር ነኝ። የጎረቤቴን ልጅ አንቄ ብሰጥ፣ ነገ ማን እሳት ይጭርልኛል? ማንስ ይቀብረኛል?" ዓይኑን ወደ ተማሪዎቹ ጎጆዎች መለሰ። "እነዚህ ግን የሰው አገር ልጆች ናቸው። ደጄ ላይ መጥታ የምታለቅስ እናት የላቸውም።"

"እናትማ አላቸው።"

"አላቸው፤ ሩቅ ናት ማለቴ ነው።"

 ውበቴ መምህሩ መቋሚያቸውን ተደግፈው የቆሙበትን መሬት እያየ ቀጠለ።

"እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጓድ ገብረ ሕይወት ከወረዳ መጥቶ ይሰበስባል። እኔ ዳዊት ስደግም የማውቃት አንዲት ቃል አለች፤ 'ቅንት ሰይፈከ ኃያል ውስተ ሐቌከ'። ኃያል ሆይ ሰይፍህን በወገብህ ታጠቅ ማለት አይደለችም? እሷን ለሕዝቡ ቢተረጉሙልን፣ የርስዎን አፍ አምኖ የሚነሳ አይጠፋም። ኮታው በሌላ ከሞላ፣ እዚህ ጎጆ ውስጥ ማን እንዳለ እኔም አላይ፣ ጓድም አያይ።"

"ትርጓሜዋ አንተ የምትፈልጋት አይደለችም።"

"የመጀመሪያዋስ? ዳዊት ለሰሎሞን ተናገረው ይባል የለም? ሰሎሞንስ ሰይፍ አልታጠቀም?"

ሊቀመንበሩ ያስተማሩትን ያህል ያውቅ ነበር። 

ውበቴ ከሄደ በኋላ፣ ነገሩን እንደ ትርጓሜ ከፋፍለው አዩት። ቃሉን ለሰሎሞን የሚሰጠው ትርጓሜ ከመምህራቸው አፍ የሰሙት ነው፤ ያንን መናገር ሐሰት አይሆንም። ተናግሮ ማቆምም ሐሰት አይደለም፤ መምህር ሲደክመው "ይቆየን" ብሎ ያቆማል፣ የቀረውን በሌላ ቀን ያወርዳል። በሌላ ወገን ጎጆዎቹ አሉ። በጎጆዎቹ ውስጥ ገና ድምፃቸው ያልጎረነነ አሉ፤ ደረታቸውን የሚያማቸው አሉ፤ ከጎንደር፣ ከላስታ፣ ከመንዝ ድረስ ቃሉን ብለው የመጡ አሉ። ሲመዝኑት የቀረውን ዝም ማለቱ ቀለለ።

ተማሪዎቹን ጠርተው፣ "እሑድ ከስብሰባው አንዳችሁም አትድረሱ፤ ከጎጆ አትውጡ" አሏቸው። ለምን እንደሆነ አልነገሯቸውም። አፍረው ነው። ወልደ ኪዳን ግን በዚያ እሑድ የቅዳሴ ተራ ነበረበትና ከጎጆ ሊቀር አይችልም። ለእሱ ለብቻው ሊነግሩት አስበው ነበር፤ ነገር ግን ለእሱ መንገር ከሁሉ የበለጠ አሳፈራቸው። ዲያቆን ቅዳሴ ካለቀም በኋላ ከውስጥ ብዙ ሥራ አለው፣ እስኪወጣ ስብሰባው ያልቃል ብለው ተዉት።

እሑድ ሕዝቡ ከዋርካው ጥላ ሥር ተቀመጠ። ጓድ ገብረ ሕይወት ወጣት፣ ጉሮሮውን ጉንፋን የያዘው፣ ጨዋ አነጋገር ያለው ሰው ነበር። ስለ እናት አገር ጥሪ ተናገረ፤ እያሳለው ብዙ አላስረዘመም። ከዚያ "አሁን መምህር የሃይማኖት መጽሐፉ ስለዚሁ የሚለውን ያሰሙናል" ብሎ ተቀመጠ።

መምህር አካለ ወልድ ተነሡ። ንባቡን አሉት። "ይህን ዳዊት ለልጁ ለሰሎሞን ተናገረው" አሉ። "ልጄ ሆይ፣ መንግሥት ያለ ኃይል አትጸናምና ሰይፍህን ታጠቅ፤ በዙሪያህ የተነሡብህን ጠላቶች አስገዛ፤ ፍላጻህም የተሳለ ይሁን ሲል ነው።" ጥቂት አብራሩት፤ የዳዊትን ጦርነቶች ጠቃቀሱ። ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ። "ይቆየን" አሉና አቆሙ።

 ያን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ አንድ ድምፅ መጣ።

"አንድም፣ የኔታ።"

ወልደ ኪዳን ነበር። የቅዳሴ ልብሱን አውልቆ መውጣቱ ነው። ፊቱ ላይ ያለው ነገር ድፍረት አልነበረም። አረጋዊ አባት ሲደናቀፍ ክንዱን የሚይዝ ሰው መልክ ነበር። መምህሩ አዩት። ዝም በል ብለው ራስ ቢነቀንቁለት ይበቃ ነበር፤ አልነቀነቁም። ወልደ ኪዳን እንደ ልማዳቸው፣ ቃሉ ጠፋቸው ብሎ፣ ቅዳሴ ባሟሸው ድምፅ ራሱ አወረደው።

"አንድም ለክርስቶስ ተናገረው። ሰይፍ ያለው መስቀሉን ነው፤ በወገብህ ታጠቅ ማለቱ በተዋሐድኸው ሥጋ ተቀበለው ሲል ነው። ንጉሥ ከሆነ ጠላቱን ይገድላል እንጂ እንደምን ይሞታል ቢሉ፣ በእንተ ጽድቅ ወየውሃት አለ። ስለ እውነትና ስለ የዋህነት የዘመተ ንጉሥ ነውና። የምድር ንጉሥ ጭፍራውን ለሞት ይሰዳል፤ እሱ በከተማ ይቀመጣል። ይህ ንጉሥ ግን ጭፍሮቹን ተዋቸው ብሎ ራሱ ወደ ሞት ሄደ። ኃያል ማለቱም ስለዚህ ነው፤ መግደልማ ለደካማም ይቻላል።"

ሽማግሌዎቹ ቃል ሲያልቅ እንደሚሉት፣ "ቃለ ሕይወት ያሰማልን" አሉ። አስበው አይደለም። ለምደው ነው።

ጓድ ገብረ ሕይወት ተነሣ። አልጮኸም። "መምህር፣" አለ፣ "ይህን ያስተማሩት እርስዎ ነዎት?"

የዋርካው ጥላ እግራቸው ድረስ መጥቶ ነበር። ውበቴ መሬት መሬት ያያል። መምህር አካለ ወልድ ጎጆዎቹን አዩ።

"ከኔ አልሰማውም" አሉ።

በጉባኤ ቤት ይህ ቃል ከእርግማን ይከፋል። መምህር በተማሪው ላይ ሲለው፣ ያ ተማሪ የያዘው ሁሉ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ወሬ ይሆናል። ወልደ ኪዳን አልተቆጣም፤ ለመከራከርም አፉን አልከፈተም። ታጣቂዎቹ ክንዱን ሲይዙት ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ በልቡ እየደገመ፣ የቱ ላይ እንደሳተ ይፈልግ ነበር።

በወዶ ገብነት ተመዘገበ። ከእሱ ጋር ያገሬው ልጆችም ተያዙ። ውበቴ ቃሉን ጠበቀ፤ ወደ ጎጆዎቹ የመጣ አልነበረም። ሰኞ ማለዳ ጉባኤው እንደ ወትሮው ተዘረጋ። ተማሪው ንባቡን አነበበ፣ መምህሩ ፈቱት፤ ሲያቆሙ ማንም ምንም አላለም።

የብቸናና የአካባቢው ምልምሎች ወደ ባሕር ዳር የሚወስዳቸው መኪና እስኪመጣ ሞጣ፣ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ገብተዋል የሚል ወሬ ተሰማ። መምህሩ ጉባኤውን አጥፈው፣ ጤፍ በጫነ መኪና ላይ ተሳፍረው ወደ ሞጣ ሄዱ። ያሰቡት ይህ ነው፤ አዛዡን አግኝቼ ቃሉ የኔ ነው፣ ልጁ ያስተማርሁትን ነው የተናገረው ብል፣ ጥፋቱ ወደ እኔ ይዞራል፤ ልጁን ይለቁታል።

ይርጋነሽን ከመጋዘኑ በር ላይ አገኟት። በሰፌድ ምግብ ሸፍና በሽቦው አጥር ሥር ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ነበረች። ማን እንደሆኑ ሲነግሯት ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች። ልጇ መምህሩ ስላሉት ምንም አልነገራትም።

"ልጄን ሰው ያደረጉልኝ እርስዎ ነዎት" አለች። "እንኳን መጡ። እስቲ ያነጋግሩት የኔታ። አይበላም። ውትድርናው ነው ያስፈራህ ስለው፣ አይደለም ይላል። ዝም ብሎ አፉን ሲያነቃንቅ ይውላል።"

ጠባቂው የመነኩሴ ቆብ የመሰለውን ቆባቸውን አይቶ ዝም አላቸው። ወልደ ኪዳን ወደ ሽቦው መጣ። ራሱን ተላጭቷል። እጅ ነሣና ሌላ ሰላምታ ሳያስቀድም ጠየቃቸው።

"የኔታ፣ የቱ ላይ ነው የሳትሁት?"

"አልሳትህም።"

"ለክርስቶስ የሚሰጠው ነው? ወይስ 'ጭፍሮቹን ተዋቸው ብሎ' የሚለው? እሱን ከሌላ ቃል አምጥቼ ቀላቅዬው ይሆን እያልሁ…"

"ምንም አልቀላቀልህም። ከኔ እንደሰማኸው ነው ያወረድኸው። እኔም ከመምህሬ የሰማሁት እንደዚያው ነው።"

ወልደ ኪዳን ሽቦውን ይዞ ቆየ። ከብዙ ቀን በኋላ ውኃ ያገኘ ሰው ይመስል ነበር። ከዚያ፣ ቀስ ብሎ፣ ሌላው ጥያቄ መጣ።

"ታዲያ ለምን እንደዚያ አሉ?"

"ፈርቼ።"

"ለራስዎ?"

"ለጎጆው ልጆች።"

"እኔም እኮ የጎጆው ነበርሁ፣ የኔታ" አለ።

በምሬት አልተናገረውም፤ የተረሳ ነገር እንደሚያስታውስ ብቻ ነበር። ከዚያ እናቱን ጠርቶ ሰፌዱን ተቀበለና ጀርባውን ለሽቦው ሰጥቶ በላ።

የምልምሎቹ አዛዥ፣ አንድ መቶ አለቃ፣ ከመጋዘኑ ጎን ባለች ክፍል ውስጥ ነበር። እግሩን በርጩማ ላይ አሳርፎ ቁስሉን ያሳክካል። መምህሩ ቆመው ሁሉንም ነገሩት፤ ንባቡን፣ ሁለቱን ትርጓሜ፣ እሑድ የተባለውን፣ የካዱትን። በትዕግሥት ሰማቸው።

"አባ፣" አላቸው ሲጨርሱ፣ "ሰይፉ መስቀል ይሁን ጎራዴ ለኔ ያው ነው። እኔ የምፈልገው ሰውዬው ጥርሱ ሙሉ፣ እግሩ ደህና መሆኑን ነው። ማን ማንን ምን አስተማረ የሚለውን እዚያው ብቸና ይንገሯቸው። እኔ ዘንድ ወዶ ገብ ተብሎ ነው የመጣ።"

"ወዶ አልገባም።"

"ማንስ ወዶ ገባ?" አለ መቶ አለቃው፣ እግሩን እያነሣ።

ይርጋነሽ በር ላይ ትጠብቃቸው ነበር። ለእሷም ነገሯት። ሲናገሩ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፊቷን ሳታዞር አዳመጠች። ሲያበቁ ባዶውን ሰፌድ ከእጅ ወደ እጅ አዛወረች።

"እኔ ያልተማርሁ ነኝ" አለች። "ግን ይህን ያህል ይገባኛል። ብቸና ካዱት፣ ሞጣ መጥተው አመኑት። ሞጣ ማን ያውቅዎታል? እዚህ ቢናገሩት የሚጎዳዎት የለ፣ እሱን የሚጠቅመው የለ።"



አላባረረቻቸውም። አብልታ፣ መደብ አንጥፋ አሳደረቻቸው፤ ቃል ግን አልጨመረችም። በማግሥቱ ረፋድ ላይ መኪናዎቹ መጡ። ሸራ የለበሱ ነበሩ። ሴቶቹ አጥሩን እየተከተሉ ሮጡ። ይርጋነሽ አልሮጠችም፤ የትኛው መኪና ውስጥ እንዳለ ስላላወቀች፣ ሁሉም እስኪያልፉ እያንዳንዳቸውን ቆማ አየች።

መምህር አካለ ወልድ ብቸና ሲመለሱ ተማሪዎቹን ሰበሰቡ። ጉባኤው ተበትኗል፣ ዛሬውኑ ሂዱ አሏቸው። ደብረ ኤልያስ የሚሄደው ወደ ደብረ ኤልያስ፣ ጎንደር የሚሻገረው ወደ ጎንደር፣ አገሩ ቅርብ የሆነው ወደ ወላጆቹ።

ፋንታ የሚባል ነገረኛ ተማሪ፣ "የኔታ፣ ደብረ ኤልያስም እኮ ሊቀመንበር አለ" አላቸው።

"አለ። ያኛው ሊቀመንበር ግን ዳዊት ያልደገመ ይሆናል።"

ጥቂቶቹ ሳቁ። ሌሎቹ ደበሏቸውን ጠቅልለው፣ እየተሳለሙ፣ በየአቅጣጫው ወጡ። መምህሩ የመጨረሻው ተማሪ ከአፋፉ እስኪሰወር ቆመው ካዩ በኋላ በየጎጆው ገብተው ተመለከቱ። ማንም እንዳልቀረ አረጋገጡ።

በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ከዋርካው ሥር ቆሙ። የጠራቸው አልነበረም። ሕዝቡ ወጥቶ ወደየቤቱ ሊበተን ሲል ንባቡን አሉት፤ ሰውም ከልማዱ የተነሣ ቆመ። ለሰሎሞን የሚሰጠውን ፈቱ። ከዚያ "አንድም" አሉ፣ ለራሳቸው ራሳቸው። ለክርስቶስ የሚሰጠውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወረዱት፤ ጭፍራውን ለሞት የሚሰደውን ንጉሥና ራሱ የሚሄደውን ንጉሥ፣ አንድ ቃል ሳያስቀሩ። "ይህን ወልደ ኪዳን ከኔ ነው የሰማው። አልሰማውም ያልሁት ዋሽቼ ነው" ብለው አበቁ።

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። በዚህ ቀን "ቃለ ሕይወት ያሰማልን" ያለ አልነበረም። እናቶች ልጆቻቸውን እጅ እጃቸውን ይዘው ፈጥነው ሄዱ።

ውበቴ ብቻውን ቀረ። ወደ እሳቸው ቀረብ ብሎ፣ "የኔታ፣ ምን በደልሁዎት?" አለ። የምሩን ነበር የጠየቀው።

"ምንም። ቃልህን ጠብቀሃል።"

"ታዲያ አሁን እኔ ምን ላድርግ? ይህን ሁሉ ሰው ሰምቶታል። ካልያዝሁዎት እኔኑ ነው የሚይዙኝ።"

"ያዘኛ።"

"ጎጆዎቹንም ይነካሉ እኮ።"

"ጎጆዎቹ ባዶ ናቸው።"

ውበቴ ሄዶ አየ። ተመልሶ መጣና፣ መቋሚያቸውን ራሱ ይዞላቸው፣ ወደ ከተማ ወሰዳቸው።

ከአንድ ክረምት የሚበልጥ ታሰሩ። ውስጥ እግራቸውን ገርፈዋቸው ነበርና ከዚያ ወዲያ ሲራመዱ ተረከዛቸውን አያሳርፉም። ሲለቀቁ ፍርድ የተባለ ነገር አልተነበበላቸውም፤ ውጡ ተባሉ፣ ወጡ። ወደ ኪዳነ ምሕረት ሲደርሱ የጎጆዎቹን ክዳን ዝናብ አውርዶት፣ እንጨቱን ሰው ለማገዶ ወስዶት ነበር። ያገሬው ሰው ሰላም ይላቸዋል፤ ቤቱ ግን አይጠራቸውም። በተማሪዎቹ መኖሪያ ቦታ ላይ አንዱ ሽምብራ ዘርቷል።

ይርጋነሽ ጌሾ ልትሸጥ ብቸና የመጣች ጊዜ ከደጀ ሰላሙ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። ከዋርካው ሥር ሁለተኛ ጊዜ የተናገሩትን ሰምታ ነበር፤ ስለዚያ አላነሣችም።

"ሞጣ ይምጡ" አለቻቸው። "ከቤቴ ጓሮ ጥግ አለ።"

"ይርጋነሽ፣ እኔ ይህን ልቀበል…"

"ለርስዎ ብዬ አይደለም። ልጄ ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እርስዎን ነው። ያን ጊዜ አገር ላገር ስፈልግዎት አልዞርም።"

እንዲህ ሆኖ መምህር አካለ ወልድ ሞጣ ኖሩ። ከጌሾው ክምር ጀርባ በተቀጠለች ዛኒጋባ ውስጥ ይተኛሉ። ሰው ሲሞት ዳዊት እየደገሙ የዕለት እንጀራቸውን ያገኛሉ፤ ያገኙትን ከእሷ ቤት አምጥተው ያስቀምጣሉ። ማስተማር አልሞከሩም። አንድ ሁለት ጊዜ የደብሩ ካህናት ጉባኤ ይዘርጉ ብለዋቸው፣ "ቃሉን የሚያስታውሰኝ የለም" ብለው መለሱ። ይርጋነሽ በአክብሮት ትይዛቸው ነበር፤ ሁልጊዜ እንደ እንግዳ። ተቀምጠው አብረው ሲበሉ የሚያወሩት ስለ ዝናቡና ስለ ጌሾ ዋጋ ነው።

አንድ ጊዜ ክንዱን አጥቶ የተመለሰ የሞጣ ልጅ፣ ወልደ ኪዳንን ሰሜን ግንባር አይቼዋለሁ አለ። ወታደሮቹ "አንድም" የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ምሽግ ውስጥ ለሚያዳምጠው ሁሉ አንድ ነገር ሲያወርድ ይውላል አለ። ይርጋነሽ ያን ልጅ ደጋግማ ቤቷ ጠራችው፤ ያንኑ ወሬ ደጋግሞ ነገራት፤ ሌላ የሚጨምረው አልነበረውም።

ደርግ የወደቀ ዓመት ወታደሩ በየመንገዱ ተበተነ። በሞጣ በኩል በእግሩ፣ ግማሹ ያለ ጫማ፣ ማዳበሪያ ለብሶ፣ ወደ ዓባይ ድልድይ አቅጣጫ ወረደ። ይርጋነሽ ንፍሮ ቀቅላ መንገድ ዳር ቆመች። ለሚያልፈው ሁሉ እፍኝ እፍኝ እየሰጠች፣ ወልደ ኪዳን የሚባል፣ አንድም የሚሉት፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ ብላ ትጠይቃለች። መምህሩ ከጎኗ ቆመው የያንዳንዱን ፊት ያያሉ። አንዳንዱ አላውቅም ይላል። አንዳንዱ ንፍሮውን ለማግኘት ሲል አውቀዋለሁ፣ ከኋላ ይመጣል ይላል። እሷም ይህን እያወቀች ትሰጠዋለች።

ክረምቱ ገባ፤ የሚያልፈው አነሰ። መስከረም ሲጠባ የሚያልፍ ጠፋ። እስከ ኅዳር ጠበቀች። ከዚያ የልጇን የድቁና ልብስ ከሳጥን አውጥታ፣ መደብ ላይ ዘርግታ፣ ለቅሶ ተቀመጠች። ጎረቤት መጣ፣ ተላቀሰ። መምህር አካለ ወልድ በልብሱ ራስጌ ቆመው፣ አስከሬን እንዳለበት ሁሉ፣ መዝሙሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገሙለት። የለቅሶው ድንኳን ተነቀለ።

ከአርባው በኋላ በአንዱ ረፋድ ይርጋነሽ ከደጃፏ ተቀምጣ የጌሾ ቅጠል ከእንጨቱ ትለይ ነበር። መምህሩ ከዛኒጋባዋ ወጥተው እንዴት አደርሽ አሏት።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለች። እጇንም ሳታቋርጥ፣ "የኔታ፣ ከእንግዲህ የሚፈልግዎት የለም። መሄድ ይችላሉ" አለቻቸው።

በድምፅዋ ቁጣ አልነበረም። መምህሩም ቁጣ አልጠበቁም።

"ወዴት?" አሉ፣ ከአፋቸው ሲወጣ እሳቸውም የገረማቸው ይመስል።

"እሱን እኔ አላውቅም።"

ገብተው ዳዊታቸውን በማኅደሩ አነገቱ፤ ደበሏቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ። የሚተዉት ሌላ ዕቃ አልነበረም። ሲወጡ እጅ ነሱ፤ እሷም ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ እጅ ነሣች፤ እንደ ሁልጊዜው፣ ለመምህር እንደሚገባ። ከዚያ ተቀመጠች። እሳቸው ተረከዛቸውን ሳያሳርፉ፣ በመቋሚያቸው እየተደገፉ፣ በገበያው በኩል ወደ ትልቁ መንገድ ወረዱ። ከመንገዱ ሲደርሱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያዩ ረዥም ጊዜ ቆሙ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች በግራና በቀኛቸው አለፏቸው።